ፊልሙን እንደነበረ ተዉልን

ድምፁን ከፍ ሲያደርጉት ቤቱ ይናወጣል፤ ዝቅ ሲያደርጉት ሰዎቹ የሚሉት አይሰማም። ማታ ልጆች ከተኙ በኋላ የድሮ የጦርነት ወይም የስለላ ፊልም ከፍቶ ለማየት የሞከረ ሁሉ ይህን ጣጣ ያውቀዋል። አርፈን ፊልም እናያለን ብለን እንቀመጥና ሪሞት ይዘን ስንጨምርና ስንቀንስ እናመሻለን።

በዚህ በኩል እንደ «ዳስ ቡት» የሚያሰቃይ የለም። ቮልፍጋንግ ፒተርሰን በ1981 (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው፣ የተለየ ካልኩ በስተቀር) የሠራው ይህ የጀርመን ፊልም ትልቁ ጉልበቱ ዝምታው ነው። የጠላት መርከብ ከላይ ስታንዣብብ ባሕር ሰርጓጇ ውስጥ ያሉት ወታደሮች ትንፋሻቸውን ውጠው፣ ፊታቸው በላብ ርሶ፣ ዓይናቸውን ወደ ጣሪያው ሰቅለው ይጠብቃሉ። አዛዡ የሚያዘው በሹክሹክታ ነው። ያን ሹክሹክታ ለመስማት ድምፁን እንጨምራለን። ወዲያው ቦምቡ ውኃው ውስጥ ይፈነዳል። ሕፃኑ ይነቃል፤ ከመኝታ ቤት «ኧረ ቀንሰው!» የሚል ጩኸት ይመጣል። ከዚያ በኋላ ያለውን ሹክሹክታ መልሶ የሚሰማ የለም፤ ድምፁን ደግሞ ለመጨመር የሚደፍር አይገኝማ።

ፊልሙ በአዳራሽ ሰው እንዲያስደነግጥ ታስቦ መሠራቱን አልክድም። የሚያበሳጨው በኋላ በድሮ ፊልሞች ድምፅ ላይ የተሠራው ሥራ ነው። በ1960ዎቹ ከተሠሩት የጦርነትና የስለላ ፊልሞች ብዙዎቹ ሲወጡ ድምፃቸው በአንድ መስመር የተቀዳ ነበር፤ ንግግሩም፣ ሙዚቃውም፣ ተኩሱም ተመዛዝኖ አንድ ላይ ይመጣል። ለዲቪዲና ለብሉ ሬይ ሲያዘጋጁት ለስድስት ስፒከር ይበትኑታል። ስድስት ስፒከር ያለው ሰው ይደሰት ይሆናል። ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ባለችው ትንሽ ስፒከር የምንሰማው እኛ ግን ንግግሩ ይሰምጥብናል፣ ፍንዳታው ይጎላብናል። የመጀመሪያውን ድምፅ አብሮ መጨመር ዲስኩ ላይ የሚወስደው ቦታ ኢምንት ነው። ያም ሆኖ ያልጨመሩበት ዲስክ ስንት ነው!

ቴሌቪዥኑ ራሱ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። ፊልም በሴኮንድ 24 ምስል ነው። አዲሶቹ ቴሌቪዥኖች በእነዚህ መሃል ያልተቀረጹ ምስሎችን ከራሳቸው ፈጥረው ያስገባሉ፤ እንቅስቃሴው እንዲለሰልስ ነው ይላሉ። ውጤቱ አንድ ትልቅ የጦር ሜዳ ትናንት ስቱዲዮ ውስጥ የተቀረጸ ድራማ እንዲመስል ማድረግ ነው። ታኅሣሥ 2018 ላይ የ«ሚሽን ኢምፖሲብል» መሪ ተዋናይ ቶም ክሩዝ ከዳይሬክተሩ ከክሪስቶፈር ማኳሪ ጋር ካሜራ ፊት ቆሞ፣ እባካችሁ ይህን ነገር ቴሌቪዥናችሁ ላይ አጥፉት ብሎ ተመልካቹን ለምኗል። ተመልካቹን ከመለመን ፋብሪካዎቹ አጥፍተው ቢልኩት ይቀል ነበር። እነሱ ግን ከፍተው ይልኩታል፤ አንዱ ጋ አንድ ስም፣ ሌላው ጋ ሌላ ስም ሰጥተው ሴቲንጉ ውስጥ አራተኛ ገጽ ላይ ይቀብሩታል። እናቶቻችንና አባቶቻችን እዚያ ድረስ ገብተው እንዲያጠፉት ነው የሚጠበቀው?

ከዚያ «ጥቁሩን አጥፋው» ይመጣል። አጎቴ እኛ ቤት ሲመጣ ከላይና ከታች ጥቁር ያለበት ፊልም ካየ «ልጄ፣ ይሄን የሚያህል ቴሌቪዥን ገዝተህ ግማሹን ለምን ትዘጋዋለህ?» ይለኛል። እሱን አልወቅስም። ሠላሳና አርባ ዓመት ሙሉ በቪዲዮ ካሴትና በቴሌቪዥን የታየው ጎንና ጎኑ የተቆረጠ ምስል ነው፤ ስክሪኑ ከሞላ ሙሉ ነው ብለን እንድናምን ተደርገናል። ከቁመቱ ይልቅ ወርዱ እጅግ የሚሰፋውን ፊልም በድሮው አራት ማዕዘን ቴሌቪዥን ልክ ሲቆርጡት ከምስሉ 40 በመቶ የሚሆነው ይጣላል። ከአምስት ሰው ሁለቱ ተቆርጦ ወጣ ማለት ነው።

የተጣለው ደግሞ ትርፍ ነገር አይደለም። «ዘ ኢፕክሬስ ፋይል» የሚባለውን የ1965ቱን የስለላ ፊልም እንውሰድ። ሃሪ ፓልመር ሆኖ የሚሠራው ማይክል ኬን ጠዋት ተነስቶ መነጽሩን ያደርጋል፣ ቡናውን ራሱ ይፈጫል፣ ያፈላል፤ የጄምስ ቦንድ ድሎት የሌለው ደመወዝተኛ ሰላይ ነው። ዳይሬክተሩ ሲድኒ ፉሪ ካሜራውን ከመብራት ሽፋን ኋላ፣ ከበር ስንጥቅ፣ ከሰው ትከሻ ጀርባ ይሸጉጠዋል። ተመልካቹ ራሱ ተደብቆ የሚሰልል ይመስለዋል። ጎኑ ሲቆረጥ መሸሸጊያው አብሮ ይቆረጣል፤ የሚቀረው ትርጉሙ የማይገባ ትከሻና ግማሽ አምፖል ነው። በ«ሎውረንስ ኦፍ አረቢያ» ደግሞ ኦማር ሸሪፍ የሚገባበት ቦታ አለ። ሎውረንስና መንገድ መሪው ጉድጓድ ዳር ቆመዋል፤ ከአድማሱ፣ ከሚንቀጠቀጠው ሙቀት ውስጥ አንዲት ጥቁር ነጥብ ትወጣለች፤ ቀስ እያለች ግመልና ሰው ትሆናለች። ያ ሁሉ ባዶ በረሃ ግራና ቀኝ መኖር አለበት። ሰውየው የሚያስፈራው ከዚያ ባዶነት ስለሚመጣ ነው። በተቆረጠው ቅጂ ግን አንድ ሰው በግመል መጣ፣ አለቀ።

አሁን ሰፊ ስክሪን መጣ፣ ችግሩ ተፈታ ብለን ነበር። ይኸው አፅጂዎቹ መጡ። በድሮ ፊልም ላይ የሚርመሰመሱት ደቃቅ ነጠብጣቦች ቆሻሻ አይደሉም፤ ምስሉ ራሱ የተሠራው ከእነሱ ነው። እነሱን በኮምፒውተር ሲጠርጉ አብሮ የሚጠረገው የሰው ፊት ነው። የ1970ው «ፓተን» በ2008 በብሉ ሬይ ሲወጣ ይህ ደረሰበት። ጄኔራል ፓተንን የሚጫወተው ጆርጅ ሲ. ስኮት ግዙፍ ባንዲራ ፊት ቆሞ የመክፈቻውን ንግግር ሲያደርግ ካሜራው ሜዳሊያውን፣ ቀለበቱን፣ ዓይኑን አንድ በአንድ ያሳየናል፤ ይህ የሚደረገው የዚያን ጄኔራል ገላ እስከ ቆዳው ድረስ እንድናይ ነው። በዚያ ዲስክ ላይ ያለው ፊት ግን ከሰም የተሠራ ይመስል ነበር፤ መጨማደዱ ጠፍቶ፣ የቆዳው ቀዳዳ ተደፍኖ። ሰዎች ጮኹ። በ2012 እንደገና ተሠርቶ ወጣ፣ ያኛው ጥሩ ነው። የ2008ቱን የገዛው ሰው ግን የ2012ቱን ለማግኘት ደግሞ መክፈል ነበረበት።

ከዚህ የተማረ ካለ በ2024 አልታየም። የጄምስ ካሜሮን የ1994 የስለላ ፊልም «ትሩ ላይስ» ስንት ዓመት ተጠብቆ በ4ኬ ዲስክ ሲመጣ፣ በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተወለወለ ምስል ይዞ መጣ። የመሪ ተዋናዩ የሽዋርዘኔገር ፊት እዚያ ጋ ከልክ በላይ ይሳላል፣ እዚህ ጋ ደግሞ ይለሰልሳል። ፊልሙ ላይ ያልነበረ ዝርዝር ማሽን ገምቶ ሲጨምር ይህን ጥራት ብሎ መሸጥ ምን ዓይነት ድፍረት ነው?

ማስተካከል የማይቻል ሆኖ ቢሆን ዝም እንል ነበር። ግን ይቻላል። «ሎውረንስ ኦፍ አረቢያ» በ1962 ሲመረቅ ከ3 ሰዓት ከ40 ደቂቃ በላይ ነበር፤ ብዙ ሳይቆይ ቆረጡት፣ በኋላ ለድጋሚ ዕይታ ሲያወጡት ደግሞ ቆረጡት፣ 187 ደቂቃ ቀረ። ሮበርት ሃሪስ የሚባል ባለሙያ የተጣሉትን ቁርጥራጮች ፈልጎ፣ ዳይሬክተሩ ዴቪድ ሊን በሕይወት እያለ አብሮት ሆኖ በ1989 መልሶ ገጣጠመው። የአንዳንዶቹ ትዕይንቶች ድምፅ ጠፍቶ ስለነበር ሎውረንስን የሚጫወተው ፒተር ኦቱል ከሩብ ምዕተ ዓመት በኋላ ማይክ ፊት ቆሞ የወጣትነት ንግግሩን እንደገና ተናገረ። ሌላው ተዋናይ ጃክ ሃውኪንስ ሞቶ ስለነበር የእሱን ንግግር ቻርልስ ግሬይ ተናገረለት። ለ50ኛ ዓመቱ በ2012 ደግሞ ከዋናው ኔጋቲቭ እንደገና ተነሥቶ ወጣ፤ በረሃው እንደ በረሃነቱ፣ ፊቱም እንደ ፊትነቱ ሆኖ። ፊልም የሚያከብር ሰው እጅ ሲገባ ይህን ይመስላል።

የትኛውን ቅጂ እያየን እንደሆነ አለማወቁስ? «አፖካሊፕስ ናው» ሦስት ነው፦ የ1979ኙ፣ 50 ደቂቃ ገደማ የተጨመረበት የ2001ዱ፣ እና በመሃል የሚገኘው የ2019ኙ። በዚያ ላይ ለዲቪዲ ሲዘጋጅ የካሜራ ባለሙያው ቪቶሪዮ ስቶራሮ ራሱ ጎኑን አጥብቦት ነበር፤ ወደ ሙሉ ስፋቱ የተመለሰው በ2010 ነው። «ዳስ ቡት» የአዳራሹ 149 ደቂቃ፣ የ1997ቱ 208 ደቂቃ፣ የቴሌቪዥኑ ደግሞ አምስት ሰዓት ገደማ ነው። ወዳጃችን «ፊልሙን አየሁት፣ ሰለቸኝ» ሲለን የትኛውን አይቶ እንደሆነ ለመጠየቅ እንገደዳለን። እሱ ደግሞ አያውቅም፤ የነገረው የለም።

ይባስ ብሎ ታሪኩን ራሱን የለወጡበት ጊዜ አለ። «ካዛብላንካ» በ1942 ሲሠራ የፖሊስ አዛዡ ሬኖ የዋናውን ገጸ ባሕርይ የሪክን የቀድሞ ታሪክ ሲያነሳ፣ በ1935 ለኢትዮጵያ መሣሪያ ማስገባቱን ይነግረዋል። ለእኛ ይህች ቃል ትንሽ አይደለችም። ሆሊውድ የጀግናውን ማንነት ያሳየው ዓለም ጀርባውን የሰጠንን ያን ዘመን አንስቶ፣ የእኛን ስም ጠርቶ ነው። የጣሊያንኛው ቅጂ ላይ ኢትዮጵያ ወጥታ ቻይና ገባች። ጀርመኖች ደግሞ በ1952 ሲያሳዩት 25 ደቂቃ ያህል ቆርጠው የናዚውን ሻለቃ ስትራሰርን ከነጭራሹ አወጡት፤ የተቃውሞ መሪው ላዝሎ ኖርዌያዊ የአቶም ሳይንቲስት ሆነ። ለጀርመን ቴሌቪዥን ሙሉው ተተርጉሞ እስኪመጣ 1975 ደረሰ። «ላየን ኦፍ ዘ ደዘርት»ን፣ እኛ «ኦማር ሙክታር» የምንለውን የሙስጠፋ አካድን የ1981 ፊልም፣ ጣሊያን በ1982 የሠራዊቷን ክብር ይነካል ብላ አገደችው፤ በቴሌቪዥኗ የታየው በ2009 ነው። ኦሊቨር ሪድ የሚጫወተው ግራዚያኒ በእኛ አቆጣጠር የካቲት 12 ቀን 1929 አዲስ አበባን በደም ያጠበው ያው ግራዚያኒ ነው። እንዲህ ያለውን ፊልም ሙሉውን የማየት ጉዳይ ለእኛ የመዝናኛ ጉዳይ ብቻ ሊሆን አይችልም።

ታዲያ ሙሉውን ከየት እናምጣ? ከዋሽንግተን የሚመጣ ዘመድ በሻንጣው ዲቪዲ ይዞልን ይመጣል። የአሜሪካው ዲቪዲ የክልል ቁጥሩ 1 ነው፣ ኢትዮጵያ የተመደበችበት 5። ማጫወቻው ዲስኩን ይተፋዋል። በገንዘባቸው የገዙት፣ በሕጋዊ መንገድ የመጣ ዲስክ ነው! ካጫወተ ደግሞ ሊታለፍ የማይችል ማስጠንቀቂያ፣ ፊልም መስረቅ ወንጀል ነው የሚል፣ ለገዛው ሰው ያነቡለታል። ፊልም የሚጭኑልን ሱቆች ጋ ፍላሽ ይዘን ብንሄድ የምናገኘው ጥግ ላይ የውርርድ ማስታወቂያ የሚያብለጨልጭበት፣ ሰብታይትሉ ከንግግሩ በአሥር ሴኮንድ የዘገየ ነው። ሰላዩ ምስጢሩን ሲናገር ጽሑፉ ገና በሩን እየከፈተ ነው።

በኢንተርኔት በየወሩ ከፍለን የምናየውም ቢሆን ባለፈው ወር የነበረው ፊልም በዚህ ወር የለም። ካለም መጨረሻውን አያስጨርሱንም። በ1949ኙ «ዘ ሰርድ ማን» ማብቂያ ላይ አና ከሩቅ፣ በዛፎች መሃል ባለው መንገድ፣ ሆሊ ወደቆመበት ትመጣለች፤ ካሜራው ሳይንቀሳቀስ ከደቂቃ በላይ ይጠብቃታል፤ አየት ሳታደርገው ታልፋለች። ከዚያ የሚቀረው የዚተሩ ሙዚቃ ነው። ያን ጊዜ ሥዕሉ ጥግ ላይ ኩርምት ይልና «ቀጣዩ ፊልም በ5 ሴኮንድ ይጀምራል» ይላል። ማን ቀጥሉ አላቸው? ሪሞቱን ፈልገን እስክናቆመው ሌላ ፊልም ውስጥ ተኩስ ተጀምሯል።

የምንጠይቀው ከባድ ነገር አይደለም። ሽፋኑ ላይ ወይም ርዕሱ ሥር አንድ መስመር ይጻፉልን፦ የትኛው ዓመት ቅጂ እንደሆነ፣ ስንት ደቂቃ እንደሆነ፣ ጎኑ መቆረጥ አለመቆረጡን፣ የመጀመሪያው ድምፅ መኖር አለመኖሩን። ያሳመሩትን የሚወድ ካለ ይሽጡለት፣ አንቃወምም፤ የመጀመሪያውን ግን አብረው ያስቀምጡ። በካሴት ከፍለናል፣ በዲቪዲ ከፍለናል፣ በብሉ ሬይ ከፍለናል፣ አሁንም በየወሩ እየከፈልን ነው።