ያልጨረስነው ምዕራፍ

የዩኒቨርሲቲው አንደኛ ሴሚስተር ባለቀ ቁጥር፣ ጎጃም ውስጥ ግንደወይን መናኸሪያ ላይ አንድ ያስተማርሁት ልጅ ከመኪና ይወርዳል። ሲሄድ የያዘውን ብርድ ልብስ እንደታሰረ ተሸክሞ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ የሰፈሩን ሰው ላለማግኘት በጓሮ በኩል ዞሮ ይገባል። ከሦስት አራት ቀን በኋላ ቤቴ ይመጣና “ቲቸር፣ ማትስ ኤፍ ሆነብኝ” ይለኛል። ይህን መስማት ሰለቸኝ፤ ደከመኝም።

ባለፈው የመጣው ልጅ ሃንድአውቱን ይዞ ነበር። ከኮፒ ላይ ኮፒ፣ በዚያም ላይ ሌላ ኮፒ እየተደረገ ቀለሙ ገርጥቶ፣ ከፊደሎቹ ራስ ላይ የሚቀመጡት ትንንሽ ቁጥሮች ጠፍተዋል። ኤክስ ስኩዌር የነበረው ኤክስ ብቻ ሆኗል። ልጁ በዶርሙ ኮሪደር አምፖል ሥር ሲቸክል ያደረው ያንን ነው። መልሱ አልመጣ ሲለው የራሱ ጭንቅላት የደነዘዘ መሰለው። ለምን ጓደኛህን አልጠየቅህም ብለው “ከገጠር ነው የመጣው እንዳይሉኝ” አለኝ።

የሚያንገበግበኝ ልጁ ሰነፍ አለመሆኑ ነው። ዕዳው ከዚሁ ከኛ ይጀምራል። ሊሚት፣ ዴሪቬቲቭ፣ ኢንተግራል የ12ኛ ክፍል ትምህርት ናቸው። ሊሚትን ስንጀምር ዓመቱ እያለቀ ነው፤ ኢንተግራል ላይ ሳንደርስ ፈተና ይመጣል። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ ደግሞ በክልላችን በተነሳው ጦርነት ስንቱ ትምህርት ቤት ተዘግቶ ከረመ። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው ይባላል፤ መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ነው እንጂ እኛ የምናስረዳው በአማርኛ ነው፤ አለዚያ ማን ይገባዋል? ይህ ልጅ ነው እንግዲህ አንድ ቀን ተነሥቶ፣ በጠራ እንግሊዝኛ “ይህን ታውቁታላችሁ” ተብሎ በሚታለፍበት አዳራሽ የሚቀመጠው።

የ2014ቱ የ12ኛ ክፍል ፈተና ወደ ዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ገብቶ ያለፈው 3.3 በመቶ ብቻ ሲሆን አገር ጮኸ። በ2015 3.2፣ በ2016 5.4 በመቶ ሲሆን ጩኸቱ ተለመደ። ላላለፉት ሪሜዲያል ተከፈተ፤ ይሁን፣ ደግ ነው። ያለፈውንስ ማን አየው? ማለፊያው ሃምሳ በመቶ የሁሉም ትምህርት ድምር ነው። በባዮሎጂና በእንግሊዝኛ የካሰ ልጅ ሒሳቡ ሠላሳም ቢሆን አልፏል ይባላል፤ ከዚያ ኢንጂነሪንግ ይመኛል። ከ2001 ጀምሮ ሰባ በመቶው ተማሪ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ይግባ ሲባል ስንት እንደሚገባ ተቆጠረ፤ ከገባ በኋላ ማን ደግፎት እንደሚያወጣው ግን እምብዛም አልታሰበም።

ቱቶሪያል አለ ይላሉ። ልጆቹ እንደሚነግሩኝ፣ የሚጀመረው ሚድ ተፈትነው ከወደቁ በኋላ፣ ቅዳሜ ከሰዓት ነው። የመገኘት ፊርማ ይዞራል። ያው ሌክቸር በፍጥነት ይደገማል። ክፍልፋይ መደመር ላይ የቆመውን ልጅ ማንም “የት ላይ ቀረህ?” አይለውም።

እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በአሜሪካ በርክሌይ ዩሪ ትራይስማን የተባለ የድኅረ ምረቃ የሒሳብ ተማሪ ካልኩለስ የሚወድቁ ጥቁር ተማሪዎችን ተከታተለ። ለትምህርቱ ግድ የሌላቸው ሆነው አላገኛቸውም፤ ብቻቸውን ነበር የሚያጠኑት። ከበድ ያለ ጥያቄ ይዘው በቡድን እንዲሠሩ ቢያደርግ ውጤታቸው ተሻሻለ። እኛ ይህን ለመስማት በርክሌይ ድረስ መሄድ ነበረብን? ቢቸና አጠገብ ዲማ ጊዮርጊስ አለ። በየኔታ ቤት ከፍ ያለው ደቀ መዝሙር ጀማሪውን ያስቀጽላል፤ የዛሬውን ያልያዘ ወደ ነገው አያልፍም፤ አልገባኝም ማለትም ነውር አይደለም። ይህን እያየ ያደገ የጎጃም ልጅ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ብቻውን ኮሪደር ላይ ያድራል።

የልጁ እናት ባለፈው ሳምንት መጡ። ለመሳፈሪያና ለደብተር ብለው ጤፋቸውን ገና በአጨዳው ወር በርካሽ የሸጡ ሰው ናቸው። ጥላቸውን እንደያዙ በሩ ላይ ቆመው “መምህር፣ ልጄ ያን ጊዜም ሰነፍ ነበር? እውነቱን ይንገሩኝ” አሉኝ።

“ኧረ የለም እናቴ፣ ጎበዝ ነበር፤ ምዕራፉን ሳንጨርስለት ነው የሄደው” አልኋቸው። ዝም ብለው አዩኝና “ታዲያ አሁን ይጨርሱለታ” አሉ።

ከሐሙስ ጀምሮ ማታ ማታ ይመጣል። ክፍልፋይ ላይ ነን። ትናንት ሌላ ሁለት ልጆች ይዞ መጣ፤ አንዷ ከሪሜዲያል የተመለሰች ናት። መብራት ስለጠፋ በስልክ ባትሪ ሠራን።