ባለማዕረጉ እሳት

ፎገራ ላይ እሳትም ማዕረግ አለው። ከጣና ዳር ተነቅሎ የተከመረው እምቦጭ ደርቆ ሲነድ ጭሱ «ዘመቻ» ይባላል፤ ሹም ፊቱ ቆሞ ፎቶ ይነሣል። ያው ጭስ ከእረኛ ክብሪት ከወጣ ግን ወንጀል ነው፤ እረኛውም ፎቶ የሚነሣው ወረታ ፖሊስ ጣቢያ ነው።

ወደ ቦረና ብንወርድ፣ አባቶች ግጦሹን እያቃጠሉ ቁጥቋጦን ልክ ያስገቡ ነበር። በደርግ ዘመን ማቃጠል ተከለከለ። ሰው ታዘዘ፤ ቁጥቋጦው ግን መመሪያውን በእልልታ ተቀብሎ ሜዳውን ወረሰው። ኋላ ባለሙያዎች መጡና በልክ ማቃጠል ለግጦሽ እንደሚበጅ አጠኑ። ሽማግሌዎቹም ስንት ዘመን ሲሠሩት የኖሩትን «ግንዛቤ ሊጨብጡ» ተጠሩ፤ አበል ካለው ምን ገዷቸው!

በ2011 ዓ.ም. የስሜን ተራሮች ፓርክ ሲነድ ሄሊኮፕተር ከኬንያ፣ የእሳት አደጋ ባለሙያ ከእስራኤል መጣልን። የአገሬው ሰው ቅጠል ይዞ ወጣ፤ ቅጠል መቼም ጨረታ አያስፈልገውም። እሳቱ ሲጠፋ ስለሚቀጥለው እሳት ማውራቱም አብሮ ጠፋ። ክረምት ሲገባማ የመከላከሉን ሥራ ለደመናው በሙሉ ውክልና ሰጠነው።