የበቅሎዋ ዋጋ ይታወቃል

ነሐሴ ከተጋመሰ በኋላ የተፈጥሮ ፎቶ አንሺ ስልክ ይበዛበታል። ደዋዮቹ ዓመቱን ሙሉ ድምፃቸው ያልተሰማ የማርኬቲንግ ኃላፊዎች ናቸው። አዲስ ዓመት ደርሷል፣ ካላንደር ሊታተም ነው፣ ለመስከረም ገጽ ዋልያ ጠፍቷል። ወሬው ሁሌም «ወንድሜ» ተብሎ ነው የሚጀመረው። ደንበኛ ወንድሜ ካለ ለመክፈል አላሰበም።

«ወንድሜ፣ እስቲ ያንን ገደል አፋፍ ላይ የቆመውን ዋልያ ላክልን። ትልቁን ፋይል እንዳትረሳ። ደግሞ ጥግ ላይ ያለውን ስምህን አንሳልን፣ ዲዛይነሩን አስቸግሮታል። አይዞህ፣ እኛ ራሳችን እንጽፈዋለን።»

ክፍያውስ?

«ባጀት አልቋል ባክህ። ግን ስንት ሰው እንደሚያይልህ አስበው!»

ባጀቱ የት እንዳለቀ ለማወቅ ካላንደሩን በእጅ መዳሰስ ይበቃል። ወረቀቱ ያንሸራትታል፣ ሎጎው በወርቅማ ቀለም ተነፍቶ ወጥቷል። ማተሚያ ቤቱ ቅድሚያ ክፍያ ሳይቀበል ማሽን አያስነሳም። ዲዛይነሩ ተከፍሎታል፣ በሞተር ያደረሰው ልጅ ተከፍሎታል፣ ለማንጠልጠያዋ ሽቦ እንኳ ደረሰኝ አለ። ካላንደሩ ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው ግን ለፎቶው ሲባል ነው፤ ቀኑንማ ስልኩም ይነግረናል።

ጠንከር ብሎ ለጠየቀ ደግሞ ነገረ መለኮት ይመጣበታል፦ «ዋልያውን የፈጠረው እግዜር፣ አንተ ቁልፍ ተጫንክ።» እሺ፣ ዋልያው የእግዜር ይሁን። ስሜን ተራሮች ላይ ጨነቅ ድረስ ወጥቶ እሱን መጠበቅ ግን በነፃ አይሆንም። ደባርቅ ላይ የፓርኩ መግቢያ ይከፈላል። አስጎብኚው፣ ጠመንጃ ያነገበው ስካውት፣ በቅሎዋና ባለበቅሎው እያንዳንዳቸው የቀን ሒሳብ አላቸው። በቅሎዋ ካሜራውን ስትሸከም ስንት እንደምታስከፍል ተራራው ሁሉ ያውቃል። ካሜራው ያወጣው ፎቶ ስንት እንደሆነ የሚያውቅ ግን አዲስ አበባም የለም።

ፎቶ አንሺው ራሱም አያውቅም። አልፎ አልፎ ተአምር ተፈጥሮ «ስንት ልክፈል?» የሚል ሰው ሲመጣ ይሉኝታ ያንቀዋል። «ኧረ ችግር የለውም»፣ «እንዳላችሁ»፣ «በመሃላችን» ይልና ቤቱ ገብቶ ሚስቱ ላይ ያማርራል። ሌላው ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ የብርድ ሒሳብ ይደምራል። ድንኳን ውስጥ ሲንቀጠቀጥ ያደረበትን፣ የጠፋ ጓንቱን፣ የሳል ሽሮፑን ሁሉ ቆጥሮ የቪትዝ ዋጋ ይጠራል። ብርዱን ማንም አልገዛውም። ገዢው የሚፈልገው ፎቶው የሚሠራለትን ሥራ ነው።

ለዚህ ምስክሩን ሁላችንም እናውቀዋለን። አሜሪካዊው ቻርልስ ኦሪር በ1996 እ.ኤ.አ. ካሊፎርኒያ ውስጥ ፍቅረኛውን ሊጠይቅ በመኪና ሲሄድ አንድ አረንጓዴ ኮረብታ አየና ወርዶ አነሳው። በቅሎ አልተከራየም፣ አልበረደውም። ማይክሮሶፍት በ2000 ሙሉ መብቱን ገዝቶ የዊንዶውስ ኤክስፒ ገጽታ አደረገው። እኛም ቀበሌ መታወቂያ ልናሳድስ ተሰልፈን «ሲስተም የለም» ስንባል ያፈጠጥንበት ኮረብታ ያ ነው። ዋጋው በይፋ አልተነገረም። ነገር ግን ዋናው ፊልም ከነኢንሹራንሱ ተረክቦ የሚያደርስ ድርጅት ጠፍቶ ሰውየው ራሱ አውሮፕላን ተሳፍሮ ነው ያደረሰው። ዋጋው በኮረብታው ከፍታ ሳይሆን በስንት ሚሊዮን ኮምፒውተር ላይ እንደሚወጣ ታስቦ መሆኑን መገመት አያዳግትም።

ይህን ለመማር ካሊፎርኒያ መሄድ አያስፈልግም፤ የአዲስ አበባ ቤት አከራይ ይበቃል። አከራይ ቤቱን አይሸጥም፣ ገብቶ መኖርን እንጂ። ስንት ናችሁ? ለስንት ጊዜ ነው? ለመኖሪያ ነው ለቢሮ? ግድግዳው ላይ ምስማር እንዳትመቱ፣ ደባል እንዳታስገቡ። ፎቶ አንሺውም እንዲሁ ፈርጠም ብሎ ቢጠይቅ ማን ከለከለው? ስንት ቅጂ ነው የሚታተመው? ለካላንደር ብቻ ነው ወይስ ነገ ቦሌ መንገድ ላይ ቢልቦርድ ሆኖ ላገኘው ነው? ለአንድ ዓመት ነው ለዕድሜ ልክ? ለእናንተ ብቻ ነው ወይስ ለሌላም ልሸጠው እችላለሁ? ለእናንተ ብቻ ከተባለ ሌላው በር ሁሉ ስለሚዘጋ ዋጋው ማሻቀብ አለበት። በቅሎዋም ሒሳብ ውስጥ የምትገባው እዚህ ላይ ነው፦ «ይህ ፎቶ ባይኖር ሰው ልካችሁ ለማስነሳት ስንት ታወጡ ነበር?» ለገጠር ትምህርት ቤት ግድግዳ በነፃ መስጠት ያምራል። ባንክ ግን የገጠር ትምህርት ቤት አይደለም።

ሕግ የለም እንዳይባል፣ አለ። በእኛው 1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 ለፎቶግራፍ ከተነሳበት ጊዜ አንስቶ የ25 ዓመት ጥበቃ ይሰጣል። ነገር ግን ፎቶው የስብስብ አካል ወይም በመጽሐፍ የታተመ፣ አለዚያም የአንሺውን ወይም የወኪሉን ስምና አድራሻ የያዘ መሆን አለበት ይላል። እንግዲህ ያ «ዲዛይነሩን ያስቸገረው» የጥግ ጽሑፍ የሰውየው ጠበቃ ኖሯል። ጠበቃውን በገዛ እጁ አንስቶ ይልካል። መስከረም ሲጠባ ካላንደሩ ይወጣል፤ ከዋልያው እግር ሥር በደቃቅ ፊደል «ምንጭ፦ ጎግል» ተብሏል። ጎግል የትኛውን በቅሎ ተከራይቶ ጨነቅ እንደወጣ እንጃ።

ቪዲዮ ላይማ ጭራሽ የሚጠይቅም የለም። የአንዱ ድሮን የቀረፀው ገደል በሌላው የዘፈን ክሊፕ ላይ ዘፋኙ የቆመበት መስሎ ይወጣል፤ የሆቴል መግቢያ ላይ ያለው ትልቅ ስክሪን ከጠዋት እስከ ማታ ሲያሽከረክረው ይውላል።

አንድ ወዳጄ በቅርቡ በዚህ ጉዳይ ተቃጥሎ መጣ። ሲዘረፍ መኖሩን፣ የሰው ድካም የማይከበርበት አገር መሆኑን እያነሳ ሁለት ማኪያቶ ጨረስን። ሲበርድለት አዲሱን ሥራውን በስልኩ ከፈተልኝ። ጭላዳዎች ተደርድረው ሣር ይነጫሉ፣ ነፋሱ የአውራውን ጎፈር ያርገበግበዋል፣ ከበስተኋላ አንጀት የሚበላ ማሲንቆ ከነዘፈኑ ይንቆረቆራል። ግሩም ነው። ዘፈኑ የማን እንደሆነ ጠየቅኩት።

«ከዩቲዩብ ያወረድኩት ነው።»

ባለቤቱን አስፈቅደኸዋል?

በጣም ተገርሞ አየኝ። «ምን ያስፈቅደኛል? ስንት ሰው እየሰማለት እንደሆነ አታይም እንዴ!»