«ቻይው» ማለት ለማን ይከብዳል?

«የታመመው እሱ፤ አስታማሚዋ ደግሞ ምን ሆነች?» ይላሉ። ወንበር ላይ ቁጭ ብላ የምታነጋው፣ የመድኃኒት ማዘዣ ይዛ ከፋርማሲ ፋርማሲ የምትዞረው፣ ለሐኪሙም ለዘመድ አዝማዱም መልስ የምትሰጠው እሷ ናት።

«ደህና ናት እኮ፣ ትስቃለች!»

ሳቋ ለጠያቂ ነው። የደም ግፊቷን የለካ አለ?

«አካል ይለምደዋል፤ ትቻለው!»

አካል የተሠራው ለአጭር ድንጋጤ ነው። ጅብ ሲመጣ አድሬናሊን ይረጫል፣ ልብ ይደልቃል፣ ኮርቲዞል ስኳሩን ወደ ደም ያስለቅቃል። ጅቡ ሲሄድ ሁሉም ወደ ቦታው ይመለሳል። ጅቡ ደጅ ላይ ከከረመስ? ያኔ ግፊቱ ከፍ እንዳለ ይቀራል፣ እንቅልፍ ይሸሻል፣ የሰውነት መከላከያ ይዳከማል፣ ቁስልም አልሽር ይላል።

«ይሄ ወሬ ነው» ለሚል ወሬ አላቀርብም። አሜሪካ፣ ኦሃዮ ውስጥ ተመራማሪዋ ጃኒስ ኪኮልት-ግሌዘርና ባልደረቦቿ የመርሳት በሽታ የያዘውን ዘመዳቸውን የሚያስታምሙ 13 ሴቶችን፣ በዕድሜና በገቢ ከሚመስሏቸው ሌሎች 13 ጋር አስተያዩ። የሁሉም ክንድ ላይ 3.5 ሚሊ ሜትር የሆነች ቁስል አበጁና መዳኗን ጠበቁ። በ1995 እ.ኤ.አ. ያወጡት ውጤት ይኸው፦ የሌሎቹ በ39 ቀን ገደማ ሲሽር የአስታማሚዎቹ 49 ቀን ገደማ ፈጀ። እንግዲህ «ለምዶታል» ባይ፣ እነዚህን ትርፍ ቀናት ማን ከፈላቸው?

«ጭንቀትማ የሀብታም፣ የአለቃ በሽታ ነው» የሚልም አለ። ለንደን ላይ ከ1967 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የመንግሥት ሠራተኞች ለዓመታት ሲጠኑ በልብ ሕመም አብዝተው የሞቱት ዝቅተኛ እርከን ላይ ያሉት ሆኑ። ማጨሱም ግፊቱም ተቆጥሮ ልዩነቱ ሙሉ በሙሉ አልጠፋም። ከአጥኚዎቹ አንዱ የሆነው ማይክል ማርሞት ከምክንያቶቹ አንዱ በሥራ ላይ የመወሰን ሥልጣን ማነስ ነው ይላል። የአስታማሚዋ ኑሮ ከዚህ በምን ይለያል? የምትሸከመው ብዙ፣ የምትወስነው ጥቂት።

«የኔም ጨጓራ ከጭንቀት ነው» ያልሽኝ እህቴ፣ አንቺ ግን ተመርመሪ። የጨጓራ ቁስለት ዋነኛ መነሻ ከሆኑት አንዱ ባክቴሪያ መሆኑን ያረጋገጡት ማርሻልና ዋረን በ2005 እ.ኤ.አ. ኖቤል ተሸልመውበታል፤ መድኃኒትም አለው። ሁሉን በጭንቀት ማላከክም ሰው ይጎዳል።

«እንግዲህ እግዜር ያበርታት!»

አሜን። አንተስ ዛሬ ማታ ስንት ሰዓት ትመጣለህ? ብርቱካን ይዘህ «አይዞሽ» ብለህ መውጣቱን ተወውና ጋቢህን ያዝ። ወንበሩ ላይ አንተ እደር፣ እሷ ቤቷ ገብታ ትተኛ። በሚቀጥለው ሌሊት ወንድምህ ይተካህ፤ እሷም ጠዋት ግፊቷን ትለካ።