ጨው ጣል ያለበት እምነት

አሮጌ መኪና ልገዛ ስወጣ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖሩት ጎረቤቴ፣ ጡረታ የወጡ አሜሪካዊት አስተማሪ፣ «ሻጩ የሚልህን ከጨው ቅንጣት ጋር ውሰደው» አሉኝ። ያው የእኛው «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ነው ብዬ እሺ አልኳቸው። ሻጩ ግን ምን የመሰለ አንደበት አለው መሰላችሁ! ጎማዋ አዲስ ነው፣ ፍሬኗ ገና መቀየሩ ነው፣ ሞተሯ ሙቀት አያውቅም፣ ደግሞ እናቴ ቤተ ክርስቲያን ብቻ ነበር የምትሄድባት አለኝ። እናትና ቤተ ክርስቲያን ባንድ ትንፋሽ ከተጠሩ በኋላ ምኑን ልጠርጥረው? ከፍዬ ተነሣሁ።

ጆርጂያ አቬኑ ላይ ፈላች። ያውም የት? ያገር ሰው እንጀራ የሚገዛበት ሱቅ ደጃፍ። እንፋሎቱ ሲትጎለጎል አንዲት እናት እንጀራቸውን እንደታቀፉ «ውረድ ልጄ፣ ውረድ!» ይላሉ፤ ወጣቶቹ ይገፋሉ፤ አንዱ ደግሞ በስንት ገዛሃት እያለ መስኮቱን ይዞ አብሮኝ ይራመዳል። ዋጋውን ስነግረው የሚገፉት ሁሉ ቆመው ተያዩ።

ከዚያ ወዲያ ማመን ቀብሮ ነው አልኩ። ያገሬ ልጅ መካኒክ ኮፈኑን ከፍቶ «ጎማና ፍሬኗ ደህና ናቸው ወንድሜ፣ ያስቸገረችህ ቴርሞስታቷ ናት፣ ቀላል ነው» ቢለኝ፣ ቀላል ማለቱን ራሱን ጠረጠርኩና አስጎትቼ ሌላ ጋራዥ ወሰድኳት። እዚያም ቴርሞስታት ነው አሉኝ። የማስጎተቻው ሒሳብ ከጥገናው በለጠ።

ጎረቤቴ ይህን የሰሙት እኔ ቤት፣ ጤና አዳም ጣል ያለበት ቡና እየጠጡ ነው። ቅጠሉን በጣታቸው እያነሡ ስለ ሮማዊው ፕሊኒ አጫወቱኝ። ፕሊኒ በ1ኛው ክፍለ ዘመን በጻፈው «የተፈጥሮ ታሪክ» 23ኛ መጽሐፍ ውስጥ፣ የሮማው የጦር አዛዥ ፖምፔ የጳንጦሱን ንጉሥ ሚትሪዳቴስን ድል ነሥቶ ያገኘውን የመርዝ ማርከሻ አስፍሯል፦ 2 የደረቁ ዋልነቶች፣ 2 በለስ፣ 20 የጤና አዳም ቅጠል አብረው ይወቀጡና የጨው ቅንጣት ይጨመርበታል፤ በባዶ ሆዱ የወሰደውን ሰው ያን ቀን መርዝ አይነካውም። እንግሊዞች ጨዉን ለጥርጣሬ ያዋሉት ብዙ ቆይተው፣ በ17ኛው ክፍለ ዘመን ነው።

ብዙ ሰው አባባሉን «አንዱንም አትመን» ለማለት ሲጠቀምበት እሰማለሁ፤ እኔ አልቀበለውም። ጨው የገባበት መድኃኒት ይዋጣል እንጂ አይደፋም። ሻጩ እኮ ስለ ጎማውም ስለ ፍሬኑም እውነቱን ነበር! አሁን ዘይት የማስቀይረው የመጀመሪያው መካኒክ ጋ ነው፤ ዋጋ ሲነግረኝ እጠይቃለሁ፣ የወጣውን ዕቃ አሳየኝ እለዋለሁ፣ ያሳየኛል፣ እከፍለዋለሁ።