ሞተሯ ያልተነካ

በኢትዮጵያ ምድር ሞተሩ የተነካ መኪና ኖሮ አያውቅም። የሚጠራጠር ካለ አንድ ደላላ ያናግር። ሃምሳ ዓመት ያገለገለችው፣ ሦስት ጊዜ ቀለም የተቀባችው፣ ወለሏ በዘይት ቆርቆሮ የተጣፈው ሳትቀር ሞተሯ «ንክች አላለም»። የያዛት ዶክተር ነው። ከዶክተሩ በፊት ፈረንጅ ነበር፤ ፈረንጁም እሑድ እሑድ ብቻ ነበር የሚነዳት። ታዲያ ሶማሌ ተራ ፒስተንና ፋሻ ቀኑን ሙሉ የሚቸረቸረው ለማን ይሆን? እንግዲህ ለጌጥ የሚገዛ ሰው ይኖራል።

ይህን የምለው የራሴን ቤት ረስቼ አይደለም። የእኛም ቮልስ ሞተር አልተነካም።

አባቴ የገዛት አብዮቱ ሊፈነዳ ጥቂት ወራት ሲቀሩት፣ ወደ አገሩ ሊገባ ሻንጣውን ከሸከፈ ፈረንጅ ላይ ነው። በእነሱ አቆጣጠር የ1965 ሞዴል፣ 1200 የምትባለው። ሞተሯ ከኋላ፣ ራዲያተር የሚባል ነገር የላትም፤ በአየር ነው የምትቀዘቅዘው። «ውኃ እንኳ አትጠይቅም!» ይል ነበር አባባ፣ ገዳማዊት መነኩሲት እንዳገባ ሰው። ጉልበቷ 34 ፈረስ ነው። ቁጥሩን እኛ ልጆቹ ከአባታችን ሆይ ቀጥለን ነው ያጠናነው።

የፋብሪካው ሰዎች ፈረሶቹን የቆጠሯቸው ግን እዚያው በቆላቸው አየር ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ተቀምጣለች፤ አየሯ ስስ ነው፤ እንዲህ ያለ ባለካርቡራተር ሞተር እዚህ ሲደርስ የጉልበቱን ሩብ ያህል ያጣል። ስለዚህ ከ34ቱ ፈረሶች ስምንቱ ከጅቡቲ ሲወጡ አዋሽ ላይ ሣር ሲግጡ ቀርተዋል ማለት ነው። የተረፉት 26ቱ አባባን፣ እማማን፣ አያታችንን፣ አምስት ልጆችንና ለክርስትና የሚወሰደውን ድፎ ዳቦ ይዘው ቸርችል ጎዳናን ይወጣሉ ተብሎ ይጠበቃል። በሦስተኛ ማርሽ ተነስተን፣ መሐል ላይ ሁለተኛ ገብተን፣ ማዘጋጃ ቤቱ ከፊታችን ሲታይ አንደኛ ላይ እንሆናለን። በእግሩ የሚሄድ ሰው አልፎን ሄዶ ዞር ብሎ ሰላም ይለናል። አባባ ሰላምታውን በክላክስ ይመልስና «አየህ፣ አቀበት አትፈራም» ይለኛል። እውነቱን ነው፤ የሚፈራ ሰው ቶሎ ብሎ ያልፈዋል።

አንድ ጊዜ የኋላው ወንበር ጨሰ። የቮልስ ባትሪ ከኋላ ወንበር ሥር ነው የሚቀመጠው፤ አያታችን ደግሞ ከበድ ያሉ ሴት ነበሩ። የወንበሩ ሽቦ ወርዶ የባትሪውን ራስ ሲነካ ጭሱ በቀሚሳቸው ሥር ይወጣ ጀመር። እሳቸው ለካ ቀድሞ ሸቷቸው ኖሮ፣ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ የደረስን መስሏቸው ሲያማትቡ ነበር። ሁላችንም ዘለን ወረድን። አባባ መንገድ ላይ ቆሞ፣ ለተሰበሰበው ሕዝብ፣ ማንም ሳይጠይቀው፦ «ባትሪው ነው እንጂ ሞተሩ አይደለም!»

ይህች ዓረፍተ ነገር የቤታችን ሕገ መንግሥት ነበረች። ዛሬ ካንዴላው ነው፤ ሞተሩ አይደለም። ነገ ካርቡራተሩ ነው፤ ሞተሩ አይደለም። የቮልስ ሞተር ከማርሽ ሳጥኑ ጋር የተያያዘው በ4 ብሎን ብቻ ነው፤ ክሪክና ሁለት ሰው ካለ ይወርዳል። የእኛው ከመውረዱ ብዛት ሜካኒኩ በዓመት በዓል ቤታችን ይጠራ ነበር። ግን ወረደ እንጂ አልተነካም። ቴስታታው ተከፈተ፣ ቫልቭ ተቀየረ፣ ፋሻ ገባለት፤ ሞተሩ አልተነካም። የሚነካ አካል እንደሌለው የገባኝ ዘግይቶ ነው። ሞተር እንደ ነፍስ ነው፤ ሥጋው ተቀይሮ ያልቃል፣ እሱ ግን አይሞትም።

ቦሎ የሚታደስበት ሰሞን ደግሞ ሌላ በዓል ነው። መኪናዋ ትታጠባለች፣ ጎማ ከጎረቤት ትዋሳለች፣ እሳት ማጥፊያ ከአጎቴ፣ የፍሬን መብራት አምፖል ከአጎቴ ጎረቤት። ተመርምራ ስታልፍ፣ ያለፉት የሰፈሩ መኪኖች በሙሉ ናቸው ቢባል ይሻላል።

ጠዋት ጠዋት የማስነሳቱ ሥራ የእኛ ነበር። ባለ 6 ቮልቱ ባትሪ ሌሊቱን በብርድ ተኝቶ ያድራል። አባባ ሁለተኛ ማርሽ አስገብቶ ፍሪሲዮን ረግጦ ይጠብቃል፤ እኛ አምስታችን ከሦስት የጎረቤት ልጆች ጋር ከኋላ እንገፋለን። ስምንት ነን። አዋሽ የቀሩትን ፈረሶች ማን እንደተካቸው አንባቢ ይቁጠር።

በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያረጀ መኪና በሚያስገባ ሰው ላይ እስከ 500 በመቶ ጣለ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የነዳጅ አውቶሞቢል ከነጭራሹ እንዳይገባ ተከለከለ። ያኔ አጎቴ ልቅሶ ቤት መሐል ድምፁን ከፍ አድርጎ «አላልኳችሁም? የድሮ ብረት!» አለ። ሐዘንተኛውም ጭምር ራሱን ነቀነቀ። በዚያ ድንኳን ውስጥ ፊያቱም፣ ፔጆውም፣ ዲኤክሱም ሞተሩ ሳይነካ ደብረ ሊባኖስ ደርሶ መጣ። የተገፋ መኪና ግን አንድም አልነበረም። እንግዲህ እኛ ብቻ ነበርን የምንገፋው።

ባለፈው ወር አንድ ገዢ መጣ። የመጣው ድምፅ በሌላት የኤሌክትሪክ መኪና ነው፤ በር ላይ መድረሱን እንኳ ያወቅነው በሩን ሲያንኳኳ ነው። ቮልሷን ዞረ፣ መከላከያዋን ዳሰሰ፣ ከዚያ ጥያቄው መጣ፦ «ሞተሩ ተነክቷል?»

«ኧረ በፍጹም!» አለ ታላቅ ወንድሜ፣ አፉን በእጁ ይዞ። እኔም ከጎኑ ቆሜ ራሴን ነቀነቅሁ። ቁልፉን አዞረ። ጭጭ። አንዴ ደገመው።

«ባትሪው ነው» አልን በአንድ ድምፅ።

ወንድሜ መሪ ያዘ። እኛ ወገባችንን እየያዝን ከኋላ ተሰለፍን፤ ከሰፈሩ ወጣቶች ጋር ሰባት ሆንን። ሰውዬው ትንሽ አመነታና ኮቱን አውልቆ ገባ። ቁልቁለቱ ላይ ስትነሳ ጭሱ ከነሸሚዙ ዋጠው። ከውስጡ ወጥቶ፣ እየሳለ፣ ፊቱ በደስታ በርቶ፦

«ሞተርማ ይሄ ነው!» አለ።