ትርፍ ቡሎን

ሞተርን በገዛ እጁ ፈትቶ የገጠመ ሰው ኩራትና ትርፍ ቡሎን ያገኛል። ቡሎኗን ኪሱ ይከታታል፤ ኩራቱን ለሰፈሩ ያድላል። ጠዋት ከመኪናው ሥር ጥቁር ኩሬ ሲታይ «የትናንት ዝናብ ነው» ይላል። ዝናቡ እንደሚያሟልጭ ማንም አይነግረውም፤ ይሉኝታ አለ።

ሰንብቶ ኮፓው፣ ከሞተሩ ሥር ያለው የዘይት መያዣ፣ እንደሚያፈስ ያምናል። መድኃኒቱም የታወቀ ነው፦ ማጥበቅ። ያንጠባጥባል? አጥብቅ። አሁንም? ቺያቬውን በቧንቧ አስረዝመህ አጥብቅ። የቆርቆሮ ኮፓ ቡሎኖች ብዙውን ጊዜ የሚፈልጉት 10 ኒውተን ሜትር አካባቢ ነው፤ በአንድ እጅ የሚደረስበት ኃይል። ጀግናችን ግን እጁን በእግሩም ይረዳዋል። ጠርዙ ይጣመማል፤ ዘይቱም ሰፊ በር ያገኛል።

ከዚያ ሲሊኮን ይመጣል። የድሮውን ጓርኒሲዮን ፍቆ፣ ቅባቱን ጠርጎ፣ ስስ መስመር አስምሮ፣ ገጥሞ እስኪደርቅ መጠበቅ የሰነፍ ሥራ ነው፤ እሱ ሙሉውን ቱቦ ኬክ ላይ እንደሚቀባ ክሬም ይለብጠዋል። ወደ ውጭ የተረፈው ያምራል። ወደ ውስጥ የተረፈው ተቆርጦ የዘይት ፓምፑ የሚመጥበትን ወንፊት ይደፍናል፤ ያኔ በእርግጥ መፍሰሱ ይቆማል፣ ሞተሩም አብሮ።

ኮፓው እኮ ብዙ ጊዜ ንጹሕ ነው። ዘይቱ ከላይ፣ ከቴስታታው ክዳን ወይም ከኋላው ፓራኦሊዮ ወርዶ እሱ ላይ ይንጠባጠባል፤ ከታች ያለ መቼም መከሰሱ አይቀርም። ሞተሩን አጥቦ፣ አስነስቶ፣ በእጅ ባትሪ ከላይ ወደ ታች ማየት ይበቃ ነበር። እንዲያ ሲሆን ግን መኪና ሥር ተጋድሞ እግርን ለአላፊ አግዳሚ ማሳየት የለማ!